ነዳያን የጠፉበት ተዝካር

ይድረስ በአምባ ጊዮርጊስ ለሚገኙት፣ እንደ አባት ላሳደጉኝ ወንድሜ ለአያ ቢሻው፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ያ ጉልበትዎ ከብርዱ ጋር ታረቀ ወይስ አሁንም ያስነክስዎታል? እትዬ ወርቅውሃን ሳሉ ለቀቃቸው? ገብሱስ ገባ? እኛ ክብር ምስጋና ለእግዚአብሔር ይሁንና ደህና ነን። ሰውነታችንን ማለቴ ነው። ልቤን ከጠየቁኝ ግን ደህና አይደለም። ስልኩን ትቼ ብዕር ያነሳሁትም ድምፄ እንዳይከዳኝ ብዬ ነው።

መንገዱ ስላልታመነ የእናታችንን ሙት ዓመት እዚሁ ጎንደር ላውጣው ብዬ አስፈቅጄዎት አልነበር? ባለፈው እሁድ አወጣነው። ድንኳኑ ተተከለ፣ ጠላው ደረሰ፣ ከዩኒቨርሲቲው፣ ከሆስፒታሉ፣ ከየመሥሪያ ቤቱ በሰፈራችን በማራኪ ሰው የሚባለው ሁሉ መጣ። የነፍስ አባቴ አባ ተክለ ጊዮርጊስ ማዕዱን ሊባርኩ ቆመው ግራ ቀኝ አዩና፣ «ነዳያኑስ?» አሉኝ። ነዳያን ሳይቀምሱ እንግዳ እንደማይቆርስ ለእርስዎ አልነግርዎትም። ወደ በሩ ወጣሁ። አንድም ሰው የለም።

የት እንደሄዱ ግን አውቅ ነበር። ከገና በፊት የሰፈራችን ኮሚቴ ሰብስቦን ነበር። ለጥምቀት እንግዳ ይመጣል፣ በረንዳው ሸተተ፣ አጥራችን መጸዳጃ ሆነ ተባለና፣ የጎዳና ሰዎቹ በጭነት መኪና ከአዘዞ ወዲያ እንዲወሰዱ ተወሰነ። የተማርን ሰዎች አይደለን? «እናባርራቸው» አላልንም፣ «ወደ ተሻለ ቦታ ይዛወሩ» አልን። እኔም እጄን አወጣሁ። መኪናውን ያፈላለገው ባለቤቴ አዳነ ነው። በእኛ አጥር ሥር ላስቲክ ወጥራ ከሕፃን ልጇ ጋር የምታድር ባንቺአየሁ የምትባል ሴት ነበረች፣ እሷም አብራ ተጫነች። የእኛው የወገራ ሰው ናት፣ ቀዬዋን ጥላ የመጣች። ጠዋት ጠዋት «እንደምን አደርሽ እቴቴ» ስትለኝ ስልክ የማወራ መስዬ አልፋት ነበር።

አዳነ ደንግጦ ለሹፌሩ ደወለ። ለዚያው ሹፌር፣ አያ! ምንይችል ይባላል፤ «ገና ወስጄ ሳልጨርስ መልስ አላችሁኝ?» ብሎ እየሳቀ ሊያመጣቸው ሄደ። ፀሐይ አናት እስክትበሳ እንግዳው ሁሉ ጠላውን ሳይነካ ተቀመጠ። በመጨረሻ መኪናው መጣ፣ ሰዎቹም አቧራ ለብሰው ወረዱ። ባንቺአየሁን እጇን ላስታጥብ ጎንበስ ስል፣ ቀስ ብላ፣ «እቴቴ፣ ለመብላት ታመጡናላችሁ፣ ለመተኛት ታባርሩናላችሁ። ምነው፣ ምርቃታችንን ወዳችሁ እኛን ጠላችሁን?» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በልታ ስታበቃም እጇን ዘርግታ፣ «የእናትሽን ነፍስ በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልሽ» ብላ መረቀችኝ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ አልጽፍልዎትም ነበር። ማዕዱ ሲነሳ ጎረቤቶቼ እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጠጋ ብሎ፣ «ዛሬ ካደሩ ነገም አይነቀሉም» አለኝ። ጓሯችን ያለው የዘበኛ ክፍል ሰው የለበትም፤ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። እናታችን የመሸበት መንገደኛ ደጇ ሲቆም «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግባ» ሳትል ቀርታ አታውቅም። እኔ ልጇ፣ በራሷ ተዝካር ቀን፣ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ምንይችልን «መልሳቸው» አልኩት። ምላሴን በቆረጠው!

ለአባ ብናዘዝላቸው፣ «ንስሐውን ቆይተሽ ነይ፣ መጀመሪያ ሴቲቱን ፈልጊያት» አሉኝ። ትናንት ቁልፉን ይዤ አዘዞ ወረድኩ፤ ምንይችል ካወረዳቸው ቦታ የለችም። ያየኋቸው ሁሉ ፊታቸውን አዞሩብኝ፣ እውነታቸውን ነው። እባክዎን ገበያ ሲወጡ ባንቺአየሁ የምትባል፣ ሕፃን ያዘለች፣ ወደ አገሯ ተመልሳ እንደሆነ ያጠያይቁልኝ። ከተገኘች እኔው መጥቼ አመጣታለሁ። አዳነም እሺ ብሏል፣ ጎረቤት የፈለገውን ይበል።

እትዬ ወርቅውሃን ጉልበታቸውን ይሳሙልኝ። ልጅዎ ማሩ በትምህርቱ እንዲበረታ ይንገሩልኝ፣ ትንሿን መዝሙርን ሁለቱንም ጉንጯን ይሳሙልኝ። ጎረቤታችንን አያ ሰውአገኝንም ሰላም ይበሉልኝ። ተዝካሩ እንዴት ሆነ ብሎ ለሚጠይቅዎት ሁሉ፣ ነዳያን በልተዋል ይበሉ። የት አደሩ ካለዎት ግን፣ እህቴ አታውቅም ይበሉት።

እህትዎ የትነበርሽ
ማራኪ፣ ጎንደር
ጥር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.