ለስትሪትሃም የሰጠነው በረኛ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለእትዬ ሐረገወይን፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ክረምት ሲቃረብ የሚነሳብሽ የጉልበት ሕመም ዘንድሮስ ማረሽ? የጋሽ መኩሪያ ደም ግፊት ወረደለት ወይስ አሁንም አንቺ ዞር ስትዪ ጨው ይነሰንሳል? ዝማሬስ ፈተናዋን እንዴት ተወጣችው? እኔና ጌጤነሽ መድኃኔዓለም ይመስገን ደኅና ነን። ደኅና ስልሽ በአካል ማለቴ ነው እንጂ እኔ ወንድምሽ ከትናንት ጀምሮ ደሜ ፈልቶ ምግቡም እንቅልፉም እምቢ ብሎኛል። ጌጤነሽ "ለኳስ ብለህ ልትሞት ነው እንዴ?" ትለኛለች። የኳስ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔስ መች እንዲህ እሆን ነበር።

ባለፈው ደብዳቤሽ ስለ ልጅሽ ስለ ተክለአብ የጠየቅሽኝን ሳልመልስልሽ ቆየሁ። ስልክ ላይ "እሺ" እና "ደኅና ነኝ" ብቻ እንደሚልሽ፣ ድምፁም የሱ እንደማይመስልሽ ጽፈሽ፣ አሞት ከሆነ አትደብቀኝ ብለሽኝ ነበር። አላመመውም እትዬ። ደኅና ነበር ብዬም ግን አልዋሽሽም። ክሮይደን ያለው የስደተኞች ቢሮ ሄዶ ጥገኝነት አፕላይ ካደረገ ወዲህ መልስ የለም፤ መልስ እስኪመጣ ደግሞ ሥራ አይፈቀድለትም። ሆስቴሉ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ጋ ይመጣል፣ ጌጤነሽ ያቀረበችለትን ይበላል፣ "እግዜር ይስጥልኝ" ይላል፣ በቃ። በረሃ ላይ ምን እንዳየ አንዴ ጠይቄው አልነገረኝም፤ ሁለተኛ አልጠየቅሁትም። ያ ገና ከውጭ በር ጀምሮ እየለፈለፈ የሚገባው ልጅ ነው እንዲህ የሆነው።

አንድ ቀን ብቻ "እዚህ ኬኒንግተን የሐበሻ ኳስ አለ" ስለው ቀና ብሎ አየኝና ከሻንጣው ሥር ጓንቱን አወጣ። ናዝሬት ለፋብሪካው ቡድን በር ሲጠብቅ ያጠልቀው የነበረውን ጓንት! ያን ሁሉ አገር ሲያቋርጥ ጫማው ጠፍቶበታል፣ ጓንቱን ግን ይዞት መጥቷል። የዚያን ቀን ለጌጤነሽ "ይህ ልጅ በር ላይ ከቆመ ይድናል" አልኳት።

እንግዲህ እዚህ ያለውን ሥርዓት ልንገርሽ። የሐበሻ ቡድኖች አራት ናቸው። ድሮ አዲስ ሰው ከአገር ቤት መጣ በተባለ ቁጥር አራቱም ሆስቴሉ ድረስ ሄደው ይሻሙበት ነበር፤ አንዱ በምሳ፣ አንዱ በጃኬት ሲያባብል እስከ መደባደብ ተደረሰ። በኋላ ሽማግሌዎች ገቡበት። አሁን በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ አዲስ የመጡት ሁሉ ሰው ፊት ይጫወታሉ፤ ከዚያ አሰልጣኞቹ በተራ አንድ አንድ ሰው ይመርጣሉ። መጀመሪያ የሚመርጠው አምና መጨረሻ የወጣው ቡድን ነው። አምና መጨረሻ የወጣነው ደግሞ እኛ ኬኒንግተኖች ነን፤ ያውም የሚረባ በረኛ አጥተን! እኔ የደጋፊዎቹ ሰብሳቢ ነኝና ዓመቱን ሙሉ ስንጮህ የኖርነው አንድ ነገር ነው፤ በረኛ፣ በረኛ፣ በረኛ።

ታዲያ አሰልጣኛችን ኪዳነማርያም ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ቤንጃሚን የሚባል ልጅ መረጠ። ወላጆቹ ሐበሾች ናቸው፤ እሱ አሜሪካ ተወልዶ እዚያው ኮሌጅ የሚማር፣ ለአንድ ዓመት ትምህርት ወደዚህ የመጣ ልጅ ነው። ኮሌጁ ውስጥ የሚጫወተውም የኛን ኳስ አይደለም፤ ያንን አሜሪካኖቹ የራስ ቁር ደፍተው የሚላተሙበትን ነው። ሥራው ወደ ፊት ሮጦ ሄዶ ከሩቅ የተወረወረለትን ኳስ በእጁ መቅለብ ነው፤ "ዋይድ ሪሲቨር" ይሉታል። ይህን ኪዳነማርያም አሳምሮ ያውቃል! እያወቀ ነው "እንዲህ የሚሮጥ ልጅ ከተገኘ እግሩን እኛ እናስተምረዋለን፤ ደግሞ የተማረ ነው፣ ለቡድኑ ክብር ነው" ያለን። ልጁ የኮሌጁ ስም የተጻፈበት ጃኬት ለብሶ መጥቶ ነበርና ኮሚቴው በሙሉ ጃኬቱን አይቶ ፈዘዘ። ኮሌጅ ሲባል የማይፈዝ ሐበሻ የት ይገኛል!

ሜዳው ዳር የነበርነው ደጋፊዎች ጆሯችንን ማመን አቃተን። ሽማግሌው ገብረ መድኅን ወንበሩን አጥፎ፣ ቻው እንኳ ሳይል ወደ ቤቱ ሄደ። ማሊያችንን የምታጥብልን ቲጂ "እጅ የሚያስፈልገው በር ላይ ነው፤ እናንተ ባለእጁን ፊት ልታቆሙ ነው?" ብላ ኮሚቴውን አንድ ባንድ አጠበችው። እኔ ኪዳነማርያምን ክርኑን ይዤ "ተክለአብ የመጣበትን ሁሉ ሲያድን አላየህም ወይ?" አልኩት። የመለሰልኝ እስካሁን ያንገበግበኛል። "እጁ ጥሩ ነው ጋሽ ብዙነህ፤ ግን አይናገርም። ተከላካዮቹን የማይጠራ በረኛ ምን ያደርግልኛል?" አለኝ። ተክለአብ አጠገባችን ቆሞ ነበር። ሰምቶታል። ጓንቱን አወለቀና ኪሱ ከተተው።

ተራው ዞረ፣ እንደገና ዞረ፤ የሚጠራው ጠፋ። በመጨረሻ የስትሪትሃሙ አሰልጣኝ ሀብተ ማርያም "የኔ ተከላካዮች ለሁሉም የሚበቃ ያወራሉ፤ ዝም የሚለው ለኔ ይሁን" ብሎ ወሰደው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም እትዬ። እንዲህ ያለ ሳቅ ጠላትሽን ይግጠመው።

ትናንት እሑድ ታዲያ እኛና ስትሪትሃም ገጠምን። እንግሊዞቹ የአውሮፓ ዋንጫን በአገራቸው እያዘጋጁ ስለሆነ ከተማው አብዷል፤ መስኮቱ ሁሉ ባንዲራ ነው። ለኛ ግን ዋንጫው ይኸው ነበር። እኔ እንደ ልማዴ ከኬኒንግተን ደጋፊዎች ጋር ቆምኩ፤ ዓይኔ ግን ከስትሪትሃም ጎል አልነቀል አለኝ። ቤንጃሚን እውነት ለመናገር ነፋስ ነው፤ ሁሉንም ጥሎ ያልፋል፣ ኳሷን ግን እግሩ ሥር አያገኛትም። አንዴ ከኋላ ረጅም ኳስ ተላከለት። ብቻውን ነው፤ ፊቱ ያለው ጎሉ ብቻ ነው። ዘሎ በሁለት እጁ ቀለባትና ብብቱ ሥር ወሽቆ መሮጥ! ዳኛው ፊሽካውን የነፋው ሳቁን ከጨረሰ በኋላ ነው። ልጁን አልቀየመውም፣ ምስኪን፤ ያስተማሩትን ነው ያደረገው። ኪዳነማርያምን ግን የኛ ሰዎች ያልሰደቡት ስድብ የለም፤ እኔም አግዣለሁ።

ያም ሆኖ መጀመሪያ ያገባነው እኛ ነን። ሁለቱ የስትሪትሃም ተከላካዮች "ያንተ ነው፣ ያንተ ነው" እየተባባሉ ሲጨቃጨቁ ኳሷ በመካከላቸው አልፋ ገባች። ያን ጊዜ ነው እትዬ። ተክለአብ ኳሷን ከመረቡ አንስቶ ወደ ተከላካዮቹ ዞረ። ከዚያ የወጣውን ድምፅ ስሰማ፣ አባቱን ጋሽ መኩሪያን እዚህ ምን አመጣው ብዬ ዞርኩ። "ሻይ ቤት መሰላችሁ እንዴ? አንተ ወደ ግራ ሂድ! አንተ ሰውህን ያዝ! የኔ ነው ስል ሁላችሁም ጥፉልኝ!" እያለ ጮኸ። እነዚያ ወሬኞች እንደ ተማሪ ተሰለፉለት። ንዴት ነው ያናገረው፤ እኔ ስንት ወር ለምኜው ያላወጣውን ድምፅ ንዴት አወጣው። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው አፉ አልተዘጋም። ሪጎሬ ተሰጠንና እሱንም አዳነብን፤ እያዳነም ይቆጣ ነበር። ሁለት ለአንድ ተሸነፍን።

እኔስ? ሪጎሬውን ሲያድን የኬኒንግተንን ስካርፍ እንደጠመጠምኩ፣ በራሴ ደጋፊዎች መካከል ዘልዬ "ተክለአብዬ!" ብዬ ጮህኩ። ቲጂ "ከሃዲ!" ብላ ስካርፉን ከአንገቴ መነጨቀችው። ትውሰደው! አሁንማ በሚቀጥለው ጨዋታ ቤንጃሚንን ራሱን በር ላይ ያቁሙት እያለች ነው አሉ። እስከ ዛሬ ማንም አለማሰቡ ነው የሚገርመኝ።

ደሜን ያፈላው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ጨዋታው እንዳለቀ ኪዳነማርያም ፊቱን በጨው አጥቦ መጣና "እኔ ድሮም ችሎታውን አይቼ ነበር፤ አጎቱ አይደለህ፣ ለከርሞ ወደኛ እንዲመጣ አነጋግርልኝ" አይለኝም! ያ ጃኬት አይቶ የፈዘዘው ኮሚቴም ከኋላው ቆሞ ራሱን ይነቀንቃል። የመለሰለት ተክለአብ ራሱ ነው። "ዝም ባልኩ ጊዜ የወሰዱኝ እነሱ ናቸው፤ አሁንም ከነሱ ጋ ነኝ" አለው። በትሕትና ነው ያለው፣ ግን ሁሉም ሰማው።

አውቶቡስ ላይ ደግሞ ወደኔ ዞረ። ሪጎሬ ሲመታ ለምን ስሜን ይጠራሉ፣ አስደነገጡኝ ብሎ ሲቆጣኝ መጣ። ከዚያ ስለ ተከላካዮቹ፣ ከዚያ ስለ ሣሩ፣ ከዚያ ሆስቴሉ ውስጥ ስለሚያንኮራፋው ሰውዬ። ጌጤነሽ በሩን ስትከፍት ገና ደረጃው ላይ ሆኖ ይለፈልፍ ነበር። አየችኝ፣ አየኋት፣ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። በኪዳነማርያም ግን ንዴቴ አልበረደም፤ አይበርድምም። ኬኒንግተን ለከርሞም መጨረሻ ትውጣ!

ይህን ደብዳቤ ረቡዕ ወደ አገር ቤት የምትበረው ውባንቺ ይዛልሽ ትመጣለች። ለጋሽ መኩሪያ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ልጁ ድምፁን ከማን እንደወረሰ ለንደን በሙሉ አወቀ በይልኝ። ዝማሬን ግራና ቀኝ ጉንጯን ሳሚልኝ። እማማ ፋንታዬ በጸሎታቸው እንዳይረሱን፤ ጌጤነሽም ጉልበታቸውን ስማለች። ተክለአብ ቅዳሜ ይደውልልሻል። ሐሙስም ልምምድ ስላለው ድምፁ ሻክሮ ብትሰሚው እንዳትደነግጪ። አላመመውም እትዬ፤ ሲጮህ ሰንብቶ ነው።

ወንድምሽ ብዙነህ

ኬኒንግተን፣ ለንደን
ሰኔ ፲፯ ቀን ፲፱፻፹፰ ዓ.ም.