በረቡዕ የማያፈሰው ግድግዳችን

ይድረስ ለክቡር የቤቶች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጸና ይሁንልዎ እያልኩ፣ ምድር ቤት ከእናቴ ጋር የምኖር ልብስ ሰፊ ተከራይዎ በአክብሮት እጅ እነሳለሁ። «ግድግዳ ያለ ፈቃድ ስላፈረሱ በአሥር ቀን ውስጥ ደፍነው የጥፋተኝነት ቃል ይፈርሙ» የሚለው ደብዳቤዎ ግድግዳው በፈረሰ በሁለተኛው ቀን ደርሶኛል። ለሦስት ማመልከቻዎቼ መልስ ያገኘሁት በአምስት ወር ስለነበር፣ መሥሪያ ቤትዎ እንዲህ ፈጣን መሆኑን ባለማወቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። መልሴን ከማቅረቤ በፊት ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላስቀምጥ።

፩ኛ. ስለ መርማሪዎ። የሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ማክሰኞና ዓርብ ብቻ እንደሚመጣ ክቡርነትዎ ያውቃሉ፤ የመሥሪያ ቤትዎ የመስክ ቀን ደግሞ ረቡዕ ነው። በዚህም የተነሣ መርማሪዎ ሦስት ጊዜ ረቡዕ መጥተው፣ ባዶ ቧንቧ ላይ የተገጠመውን ቆጣሪ ተመልክተው፣ ግድግዳውን በጣታቸው አንኳኩተው፣ «የሚያፈስ ነገር አልተገኘም» ብለው ጽፈዋል። ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም። ዓርብ እንዲመጡ ስለምናቸው መርሐ ግብር እንደማይጣስ በፈገግታ አስረዱኝ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይሉ የለ፤ እኔም በፈገግታቸው አምስት ወር ተወሰድኩ።

፪ኛ. ስለ ሕግ ማስከበርዎ። እኔ ዓርብ ዓርብ የቤቱን ቧንቧ ሁሉ ዘግቼ ቆጣሪው ፊት እቀመጥ ነበር፤ አንዲት ጠብታ ሳንጠቀም ትንሿ ቀይ መዘውር ትዞራለች። የእርጥበቱንም ዳር በልብስ ጠመኔዬ እያሰመርኩ ቀን ጻፍኩበት፤ ከወለሉ ተነሥቶ የእናቴ አልጋ ራስጌ ደረሰ። ይህን ሳሳያቸው መርማሪዎ ግድግዳ ላይ መጻፍ ክልክል መሆኑን አስታወሱኝ።

፫ኛ. ይህኛውን ምስጋና ልለው አልችልም። እናቴ ሠላሳ አንድ ዓመት በስልክ ማዞሪያ ቤት ሠርታ ጡረታ የወጣች ናት። እግሯ አልታዘዝ ስላላት ቀኑን የምታሳልፈው አልጋዋ ላይ ነው፤ ጆሮዋ ግን በሥራ ዘመኗ እንደነበረው ነው። ጠመኔም እርጥበትም ሳይመጣ፣ ጣቷን ከራስጌዋ በላይ አንድ ቦታ ላይ አሳርፋ «እዚህ ውስጥ ውሃ እየሮጠ ነው» ያለችኝ እሷ ናት። ይህን የሰሙት መርማሪዎ በሪፖርታቸው «አሮጊቷ የሌለ ድምፅ ስለሚሰሙ ሐኪም ቢያያቸው» ብለው አሰፈሩ። ቅጂው ቤት ሲደርስ ያነበብኩላት እኔ ነኝ፤ ምላሴን በቆረጠው! ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ግድግዳው ትንፍሽ አላለችም። ትራሷን ወደ ግርጌ አዞረች። ድስት ሲንተከተክ እንኳ «አንቺም ይሰማሻል?» እያለች ትጠይቀኝ ጀመር። አንድ ጠዋት ደግሞ እጄን ይዛ፣ «ልጄ፣ ለይቶልኝ ነው እንዴ? አትደብቂኝ» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ እርጥብ ግድግዳ ችዬ እኖር ነበር፤ ይህን ግን አልችልም።

ስለዚህ ዓርብ ዕለት ቧንቧ ሠራተኛ ጠራሁ። ሰውየው የረጅም ካቻቢቴውን ጫፍ ግድግዳው ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ከወዲህ ወዲያ አዳመጠ፤ በመጨረሻ የቆመው እናቴ ከአምስት ወር በፊት ጣቷን ካሳረፈችበት ቦታ ላይ ነው። ሁለት ጡብ ቢያነሣ የዛገ መገጣጠሚያ ውሃ ይተፋል። እናቴን ደግፌ አቆምኳትና እጇን ወደ ቀዳዳው ሰደደች፤ ረጠበ። እሷ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ፤ ቧንቧ ሠራተኛው ሌላ ቤት ይጠብቀው ስለነበር መገጣጠሚያውን ቀይሮ ሄደ።

መልሴ እንግዲህ ይህ ነው። ቀዳዳውን አልደፍንም፤ ቃልም አልፈርምም። መጋረጃ ሰፍቼለታለሁ፣ ጠርዙም በወጉ ስለተቀመቀመ ለእንግዳ አያሳፍርም። የሚደፈነው መርማሪዎ መጥተው፣ ስለ እናቴ የጻፉትን ያን መስመር በገዛ እጃቸው ሰርዘው፣ «ወይዘሮዋ የሰሙት ትክክል ነበር» ብለው ጽፈው፣ እናቴ ፊት ቆመው ጮክ ብለው ያነበቡት ዕለት ብቻ ነው። ከቤት ይውጡልኝ ካሉም አልጋውን ከነባለቤቱ የሚሸከሙ ጎበዞች ይላኩልኝ፤ በሩ ላይ ቆሜ እቀበላቸዋለሁ።

ለወንበርዎ ምቾትን፣ ለፊርማዎ ርዝመትን፣ ለመርማሪዎም ጥቂት መስሚያ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ ከቃሌ ግን ዝቅ ሳልል፣

የስልክ ኦፕሬተሯ ልጅ

ከፊርማ በኋላ፦ ማክሰኞ ዕለት ያ መስመር ይሰረዝልን ለማለት እናቴን በታክሲ ይዤ መጥቼ ነበር፤ ክቡርነትዎ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ከመዝገብ ቤትዎ ግድግዳ ሥር ሁለት ሰዓት ተቀምጠን ተመለስን። እናቴ እዚያው እንደተቀመጠች ጆሮዋን ግድግዳው ላይ አሳርፋ ቆየችና፣ ሳትፈራ፣ ቦታውን በጣቷ አሳየችኝ። ለጸሐፊዎ ልንነግር አስበን ነበር፤ አሮጊት የሰማችው ነገር በመሥሪያ ቤትዎ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ስለምናውቅ ግን ዝም ብለን ወጣን። የት ጋ እንደሆነ ማወቅ ካስፈለገዎ ቤታችን መጥተው፣ ቆብዎን አውልቀው እናቴን ይጠይቁ።