በአይሱዙ የሄደ አጥንት

ኅዳር 4
ለማንም ያልነገርኩት… የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ግሸን በእግሬ አልሄድኩም። ባሌ ወልዴ ታሞ ሳለ ተሳልኩ፤ ከሐይቅ እስከ ግሸን በእግሬ። ውጫሌ ስደርስ ደከመኝ። አይሱዙ ቆመልኝ፤ ወጣሁ። ተራራው ሥር ወረድኩ። ስመለስ የወልዴ እህት ለተብርሃን እግሬን አጥባ ሳመችው። ዝም አልኩ። በሳምንቱ ወልዴ ሞተ።
ዛሬ ምስር ስለቅም ውዬ መነሣት አቃተኝ። ዳሌዬ። ነገ ደሴ።

ኅዳር 5
ሁለት መንገድ አለ አለኝ ሐኪሙ። አንዱ፣ የጭኔን አጥንት ራስ ሞርዶ የብረት ቆብ ማልበስ። ሌላው፣ ራሱን ቆርጦ አውጥቶ በሰው ሠራሽ መተካት። የእርስዎ አጥንት ስስ ነው፣ ቆብ ቢለብስ አንገቱ ሊሰበር ይችላል፣ መተካቱ ይሻላል አለ። ወረቀት ሰጠኝ። ሦስቴ አነበብኩት።
የተቆረጠው የት ይሄዳል አልኩት። ብዕሩን አስቀመጠ። ከፈለጉ ይወስዱታል አለ።

ኅዳር 8
አጥንቴ ተቆርጦ እንደሚወጣ ለለተብርሃን ነገርኳት። ምነው በቀረብኝ። ቀባሪው ቅሬ ይስማው ብላ ሄደች።

ኅዳር 12
ሰው ሲሞት የሚቀብረው ቅሬያችን ስለ አንድ አጥንት ግማሽ ቀን ዋለ። ራህመት፣ ዛሬ አጥንቷን ከቀበርን ስትሞት ጎዶሎ ልንቀብር ነው ወይ አለች። ታረቀኝ ቆቡን ደገፈ፤ የሚቀበር የለውም፣ አጨዳ ላይ ነን። ቆብ ካጠለቀማ እስጢፋኖስ ገዳም ይግባ፣ ሴት አይገባበትምና እሷ ደጅ ትጠብቀው ያለም አለ።
ልስቅ ስል ለተብርሃን ተነሣች።
"ግሸን በእግሩ የሄደ አጥንት እንደ ጥራጊ አይጣልም።"
ሁሉም ዳሌዬን ማየት ጀመረ። የቅሬው ዳኛ ሀሚዱ ጢሙን ዳሰሰ።
"እንዲያ ከሆነ ድንኳን ይገባዋል። የቀረችው ስትሞት ሌላ ድንኳን ነው፤ አይቀነስባትም።"
አሚን ተባለ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም። እኔም አሚን አልኩ። ምን ልበል?

ኅዳር 13
ቆቡን ባደርግስ? የሚቀበር አይኖርም… ማንም አያውቅም። ሲሰበርስ?

ኅዳር 15
ለተብርሃን ለአጥንቱ መግነዝ ሰፍታ መጣች። የሕፃን ኮፍያ ያህላል።
"ያምራል?"
ያምራል አልኳት። ያምራልም።

ኅዳር 20
ሐኪሙን ቆቡን ነው የምፈልግ አልኩት። ለምን አለ። አፌን ከፈትኩ… "አይሱዙ" የሚለው ብቻ ወጣ። ደነገጠ። መኪና ገጭቶዎት ያውቃል እንዴ? የለም። አሳፍሮኝ ነው።
አሥራ አንድ ዓመት ያላልኳት ቃል፣ ካልጠፋ ሰው ለሐኪም። ከወጣች በኋላ ቀለለኝ። ይተካ አልኩት።

ታኅሣሥ 24
በምርኩዝ እስከ ደጅ ደረስኩ። ያ ሕመም የለም። የተተካው ብረት ምንም አያስታውስብኝም።
አጥንቱ በብልቃጥ ሆኖ አልጋዬ ሥር ነው። ውጭ ድንኳን እየተከሉ ነው፤ ቀብሩ ነገ። ራህመት ልታጽናና መጥታ ማንን እንደምታጽናና ጠፋባት። እኔን "ነፍስ ይማር" አለችኝ።
ደግሞ እንደዚያኛው ጊዜ ዝም ልበል? ለተብርሃን እግሬን ስማለች። አሁን አጥንቴን ልትስም ነው።
ለተብርሃን መግነዙን ይዛ ከሰዓት ትመጣለች። ብቻዬን የለመድኩትን ፊደል ለሷም ያሳየኋት እኔ ነኝ፤ ቀስ ብላ ታነባለች። እስክትጨርስ አጠገቧ እቆማለሁ፤ መቆም ችያለሁ።
ብልቃጡን ከመክፈቷ በፊት ይህን ደብተር የሚቀበለው እጅ የለተብርሃን እጅ ነው።