ኮፍያዬን አውልቄ

ማክሰኞ፣ ጥር 23 ቀን
ከሰዓት በኋላ፣ ከእናትሽ ወጥ ቤት ጠረጴዛ

ለወንድሜ ልጅ፣ ለፌንጣዬ፣ ለአዲሷ ሙሽራ፤

ከነባልሽ እንደምን አላችሁ? ሙቀቱ እንዴት ይዟችኋል? እናትሽ ደህና ናት። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ቤቱ ጭር አለብኝ እያለች ራዲዮኑን ከፍ አድርጋ ትከፍታለች። እኔም ደህና ነኝ ልልሽ ነበር፤ ግን በዚህ ደብዳቤ ላልዋሽ ወስኛለሁና ገና ከመጀመሪያው መስመር ቃሌን ባላፈርስ ይሻላል።

ደብዳቤውን የምታመጣልሽ ጎረቤታችን ናት፤ የበረራ አስተናጋጇ፣ አንቺ "ረጅሟ" የምትያት። ነገ ወደ እናንተ ትበራለች። ሐሙስ ጠዋት ሆቴላችሁ ድረስ ሄዳ፣ እንግዳ መቀበያ ላይ ሳትተወው በእጅሽ እንድትሰጥሽ አስምያታለሁ። "ምን ያስቸኩላል ጋሼ? በሳምንታቸው ይመለሱ የለ?" አለችኝ። እኔን የሚያስፈራኝ እኮ ይኸው "ይመለሱ የለ" የሚሉት ነገር ነው። እባክሽ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። እስከ መጨረሻው።

መደወል ይሻል እንደነበር አውቃለሁ። ግን ስልካችሁን ዝጉ ያልኳችሁ እኔው ነኝ። "የጫጉላ ሰው ስልክ ከከፈተ በስልኩ ውስጥ አማት ትገባለች" ብዬ የሠርጉን ቤት በሙሉ አሳቅሁ፤ አማትሽ ብቻ አልሳቀችም። እናንተም ታዛዦች ናችሁና ዘጋችሁ። በገዛ ምክሬ በር ተዘጋብኝ።

ሆቴሉ እንዴት ነው? ያንን የመረጥኩላችሁ በሠላሳ ዓመት የሹፌርነት ዕውቀቴ ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ከጭነት መኪና ጀርባ ላይ ነው፤ ሆቴል መምረጥ ግን ማንም ዲግሪ የጫነ አያስተምረኝም። ሰው የሆቴልን ፊት አይቶ ይገባል፤ እኔ መጀመሪያ ጓሮውን ዞሬ አያለሁ። አንሶላ የሚሰጣበት ገመድ ንጹሕ ከሆነ አልጋውም ንጹሕ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ያልኩት ትንኝ ደረጃ መውጣት ስለምትሰንፍ ነው። ከጄኔሬተሩ ራቅ ያለ ክፍል ስጧቸው ብዬ ሦስት ጊዜ ደውያለሁ። የወባ አጎበሩን በቀን ብርሃን ዘርግታችሁ ቀዳዳውን ፈልጉ፤ ካገኛችሁ በክር ቋጥሩት። አየር ማቀዝቀዣው አልጋው ላይ ካንጠባጠበ አልጋውን ግፉት እንጂ ጥገና አትጥሩ፤ ጠጋኝ የጠሩ ሙሽሮች ጫጉላቸውን ከጠጋኙ ጋር ነው የሚያሳልፉት።

አየሽ፣ አሁንም እየቀለድኩ ነው። እጄ ለምዶበታል። የመጣሁበት ነገር ሌላ ነው።

አሁን ካላችሁበት ማዶ፣ ባሕረ ሰላጤውን ተሻግሮ ወዳለው ሆቴል የምትሄዱት አርብ ነው። በጻፍኩላችሁ ወረቀት ላይ "አርብ፦ በባስ፣ ባሕሩን ዞሮ፣ የአምስት ሰዓት መንገድ" ይላል። የእኔ ጽሕፈት ነው። ከመሄዳችሁ በፊት በነበረው እራት ባልሽ ወረቀቱን አየና፣ ቀያሽ አይደል፣ መንገዱን ስልኩ ካርታ ላይ በጣቱ ለካው።

"ጋሼ፣ ቀጥታው እኮ ዐሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ለምን አምስት ሰዓት እንዞራለን?"

ያኔ ዝም ብዬ "በባስ ሂዱ" ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ነው። ግን ጠረጴዛው ሙሉ ሰው ነበር፣ ሁሉም ዓይኔን ዓይኔን ያያል፣ አንቺም ሳቅሽን አዘጋጅተሽ ትጠብቂያለሽ።

"ባሱማ!" አልኩ። "ሹፌሩ መሪውን በጉልበቱ ይዞ በሁለት እጁ ብርቱካን ይልጣል። የኋላውን በር ተሳፋሪዎች በተራ ይይዙታል። ፍሬን ባስፈለገ ቁጥር ደግሞ ከፊት የተቀመጠው ሰው ይጸልያል!"

አንቺ እንባሽ እስኪመጣ ሳቅሽ። ባልሽ ግን አልሳቀም። አለመሳቁን አይቻለሁ። አይቼም ዝም አልኩ፤ ምክንያቱም ሳቁ ጣፍጦኝ ነበር። ያንን ባስ እኔ በዓይኔ አይቼው አላውቅም፣ ፌንጣዬ። አንዱንም ነገር።

ትናንት ሆቴሉ ደወልኩ፤ አጎበሩን ልጠይቅ። እንግዳ ተቀባዩ ጨዋ ሰው ነው።

"አርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በጀልባ ይሄዳሉ" አለኝ።

"በባስ ነው የሚሄዱት" አልኩት።

"ባሱ አደገኛ ነው ተብለው ሙሽራው ራሳቸው አስቀየሩት፣ ጌታዬ።"

ወንበር ሳብኩ። "ምን ዓይነት ጀልባ ነው?"

"በጣም ቆንጆ! ሰማያዊ ቀለም የተቀባ።"

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ስለ መኪና ስጠይቀው ቀለሙን የሚነግረኝን ሰው ፈርቼ ነው የኖርኩት። "ሞተሩ ስንት ነው?" አልኩት።

"አንድ።"

"ስንት ሰው ይይዛል?"

"ዐሥራ ሁለት። አርብ ግን የገበያ ቀን ስለሆነ ትንሽ ጠጋ ጠጋ ይላሉ።"

"የመንሳፈፊያ ጃኬትስ?"

"በሚገባ አለን! እንዳይረጥቡ ብለን መጋዘን ቆልፈንባቸዋል።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህችን አንድ ዓመት ሙሉ እስቅባት ነበር። ትናንት ግን ለመንኩት። "እባክህ ልጄን ፈልግና፣ አጎትሽ በጀልባ አትሂዱ ብሏል በላት" አልኩት። ከአንድ ሰዓት በኋላ መልሼ ስደውል እየሳቀ አነሳው።

"ነግሬያቸዋለሁ፣ ጌታዬ። በጣም ሳቁ። 'አጎቴ ሥራውን ጀመረ! ኮፍያውን አውልቋል ወይ ብለህ ጠይቅልኝ' ብለዋል።"

አውልቄያለሁ። ይኸው ጠረጴዛው ላይ፣ ከቀለም ብዕሩ አጠገብ አለ። ግን በሆቴሉ ስልክ ባስጠራሽም ኮፍያ በስልክ አይታይም፤ ወረቀትም ኮፍያ አያሳይም። በዚያ ላይ፣ ስለዚህ ኮፍያ ልትሰሚው የሚገባ ነገር አለ።

ትንሽ ሳለሽ ነገር በነገርኩሽ ቁጥር ወገብሽን ይዘሽ "ኮፍያህን አውልቅና ንገረኝ!" ትይ ነበር። ካወለቅኩ እውነት፣ ካላወለቅኩ ተረት። ሕጉ ያንቺ ይመስልሻል። ያንቺ አይደለም፣ የአባትሽ ነው። ታላቅ ወንድሜ ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሳታልለው ቢሰለቸው ያወጣው ሕግ ነው፤ አንቺ ከጭኑ ላይ ተቀምጠሽ ሰማሽውና ወረስሽው። እኔም ሕጉን አክብሬያለሁ። ኮፍያዬን አውልቄ የዋሸሁት በዕድሜዬ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

አንደኛው ላንቺ ነው። አምስት ዓመትሽ ነበር። በሩ ላይ ጠብቀሽኝ "አባቴ የት አለ?" አልሽኝ። ኮፍያዬን አውልቄ፣ ተንበርክኬ፣ በትኩሳት ታሞ ሐኪም ቤት ሞተ አልኩሽ። እናትሽ ናት እንደዚያ በላት ያለችኝ፤ "ልጄ ውኃ እየፈራች እንዳታድግ" ብላ። አልተሳሳተችም፤ ውኃ ሳትፈሪ አደግሽ። ዛሬ እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

አባትሽ በትኩሳት አልሞተም፣ ልጄ። ጀልባ ላይ ነው። አብሬው ነበርኩ።

ሁለተኛው ውሸት ከዚያ ይቀድማል። እሱን እናትሽም አታውቀውም፤ እስከ ዛሬ ለማንም ሰው ተናግሬው አላውቅም።

የባሴ ካምቢዮ ተሰብሮ ሐይቁ ማዶ ካለው ከተማ መለዋወጫ ልንገዛ ወጣን። አባትሽ ውኃ እንዴት ይፈራ እንደነበር ልነግርሽ አልችልም። ድልድይ ስንሻገር እንኳ ዓይኑን ይጨፍን ነበር። እኔ ደግሞ የእሱን ፍርሃት እንደ ጨዋታ ነበር የማየው። መናኸሪያው ደጃፍ ቆመን ሳለ፣ ጀልባ ላይ ሲቀመጥ የሚያሳየውን ፊት አሰብኩና ሳቄ መጣ። "መንገዱ ተቆርጧል፤ ድልድዩን ጎርፍ ወስዶታል" አልኩት።

"ኮፍያህን አውልቅ" አለኝ።

አወለቅኩ።

መንገዱ ደህና ነበር። ድልድዩም ዛሬ ድረስ ቆሟል፤ በእሱ ላይ ባለፍኩ ቁጥር ፍጥነት እቀንሳለሁ።

ጀልባዋ አንድ ሞተር ነበራት። ሲሚንቶ ጭና ነበር፣ ሰውም ጠጋ ጠጋ ብሎ ነበር። ስንነሳ ሐይቁ እንደ ትሪ ለጥ ያለ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነፋሱ ተነሳ። አባትሽ ክንዴን ጨምድዶ ይዞ "እውነት መንገዱ ተቆርጧል?" አለኝ። መሐል ሐይቅ ላይ ነበርን፤ ከእንግዲህ የት ይሄዳል ብዬ "አልተቆረጠም" አልኩት። ለአንድ አፍታ አየኝ። ከዚያ ሳቀ። "አንተ ከይሲ! ቆይ፣ የብስ ላይ እንገናኛለን" አለኝ። ሞተሩ ሦስት ጊዜ ሲያስል ሰማሁት። የሚያስል ሞተር አውቃለሁ፤ አራተኛው ላይ ዝም አለ። ጀልባዋ ጎኗን ለማዕበሉ ሰጠችና ተገለበጠች።

የእኔ እጅ ተንሳፋፊ ባዶ የዘይት ጀሪካን ላይ አረፈ። የእሱ እጅ ምንም ላይ አላረፈም።

ይህን በጫጉላሽ ላይ እንደ መርዶ ነጋሪ የምጽፍልሽ ልቤ ስለጨከነ አይደለም። "ነፋስ ይነሳል፣ አትሂዱ" ብቻ ብልሽ ለባልሽ አንብበሽለት እንደምትስቂ ስለማውቅ ነው። ሃያ ሦስት ዓመት በቀልድ ስሜን አጥፍቼ፣ ለቁም ነገር ስፈልገው የሚያምነኝ አጣሁ። የቀረኝ ይህ እውነት ብቻ ነበርና አወጣሁት። በምላሴ መንገድ ስዘጋ ይህ ሁለተኛዬ ነው። የወንድሜን በጎርፍ ዘጋሁ፣ ያንቺን በብርቱካን።

አሁን መክፈቻውን ስሚኝ። ዛሬ ጠዋት መናኸሪያቸው ደወልኩ። ባሱ አርብ ጠዋት በአንድ ሰዓት ይነሳል፤ ከሆቴላችሁ ወጥታችሁ በግራ፣ ከዓሣ ገበያው ፊት ለፊት። የምትነዳው ሴት ናት፤ በዚያው መንገድ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ነድታለች። ስልኩ ላይ አስጠርቼ ስለ ፍሬኑ አጥብቄ ስጠይቃት ተቆጣችኝ፦ "አባት፣ እርስዎ ሹፌር ነዎት ወይስ ትራፊክ ፖሊስ?" በፍሬን ጥያቄ የሚቆጣ ሹፌር ፍሬን ያለው ሹፌር ነው። ከእሷ ኋላ፣ በስተግራ ተቀመጡ፤ ፀሐዩ በቀኝ ነው የሚመጣው። ውኃ ያዙ። ባልሽን በመስኮት በኩል አስቀምጪው፣ ኪሎ ሜትሩን ይቁጠር።

እሱ ዋና እችላለሁ ሊልሽ ይችላል። ይችል ይሆናል። ከእኛ ጋር የነበረው ዓሣ አስጋሪም ይችል ነበር። በባስ አልሄድም ካለ ጀልባው ላይ አብረሽው አትውጪ፤ አንቺ ከቀረሽ እሱም ይቀራል፣ ልቡን አይቼዋለሁ።

ከትናንት ጀምሮ የራዲዮውን የአየር ትንበያ እየጠበቅኩ ነው። ስለ እናንተ ባሕር አያወራም፤ እኔ ግን አዳምጣለሁ። አሁን ስጽፍ እንኳ መጋረጃው በነፋስ ሲነሳ ልቤ አብሮት ይነሳል። እናትሽ "ምን ሆነህ ነው ኮፍያህን ያወለቅከው? ራስህን አመመህ?" ብላኛለች። ስትመለሱ እኔው ራሴ እነግራታለሁ። እስከዚያ አንቺ እንዳትነግሪያት፤ የእኔ ሸክም ነው።

ይቅር በይኝ አልልሽም። አርብ ጠዋት ባሱ ውስጥ ስትገቢ ስልክሽን ክፈቺና ደውዪልኝ። ስልኩ አጠገብ ነኝ። ያሰኘሽን ስደቢኝ፣ አባቴን የበላህ በይኝ፣ ከእንግዲህ አጎቴ አይደለህም በይኝ። የባሱን ሞተር ከድምፅሽ ኋላ ልስማው ብቻ። ከየብስ የመጣ ስድብ ለእኔ ምርቃት ነው።

መንገዳችሁ የጨርቅ ይሁን። ያያችሁት ሁሉ ደግ፣ የረገጣችሁት ሁሉ ደረቅ ይሁን። የምትወልዷቸው ልጆች ወገባቸውን ይዘው የሚጠይቁ ይሁኑ። ያኔ በሕይወት ካለሁ፣ በኮፍያም ያለ ኮፍያም አልዋሻቸውም።

ራሱን ገልጦ የሚጠብቅሽ
አጎትሽ