ለጫልቱ ያልነገርኳት
ነቀምት፣ ኅዳር 9 ቀን 1959 ዓ.ም.

ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። እንጨቴን ራሴ እፈልጣለሁ፤ ወጤን ራሴ እሠራለሁ። ዳገት ላይ ግን ሦስት ጊዜ ስለማርፍ፣ ባለፈው ሳምንት ሆስፒታል ሄጄ ለምርመራ ደም ሰጠሁ።

የጎረቤቴ የኦቦ ገመዳ ልጅ ጫልቱ እዚያ ነርስ ናት። ያን ዕለት፣ «ደም አነሰህ ትሉኛላችሁ፤ ያለችኝንም ትቀዳላችሁ» ብያት በጣም ስቃ ነበር። ዛሬ የውጤቱን ወረቀት ይዛ ቤቴ ስትመጣ ግን አልሳቀችም።

«አባኮ፣» አለች፤ አባቴ ማለቷ ነው። «ደምዎ ከሚገባው ግማሽ ነው። ብረት አጥሮታል።»

«ብረትማ ማረሻዬ አለ። ልላሰው?»

«ይተዉ አባኮ። ይህን ኪኒን በቀን ሦስት ጊዜ ይዋጡ፤ ከቡና ጋር ግን አይሁን። ሰገራዎን ያጠቁረዋል፤ አይደንግጡ።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ከዛሬ በፊትስ ጠቁሮ ያውቃል? ከሆነ ሆድዎ ውስጥ እየደማ ይሆናልና ሐኪሙ ማየት አለበት።»

«በፍጹም!» አልኩ።

ዋሸሁ። ከመስቀል ወዲህ እንደ ጥላሸት ጥቁር ነው። እምብርቷ ሳይደርቅ ላቀፍኳት ልጅ ይህን እንዴት ብዬ ልንገር?

አሁን ኪኒኑ ከፊቴ ተቀምጧል። ከዋጥኩት ሁሉም ይጠቁርና የትኛው ከመድኃኒቱ፣ የትኛው ከደሜ እንደሆነ እኔም አላውቅም። አልዋጥኩትም። ነገ በጧት ሄጄ እውነቱን እነግራታለሁ።

ለአባቷም ወንፈል አለብኝ፤ የሁለት ቀን የጤፍ አጨዳ። እሱ የእኔን አጭዶ ጨርሷል። ጎጆ የወጣ ልጄን አስቦ «ልጅህን ላክ» ይለኛል። ሰው አልክም። ራሴ ነኝ የማጭደው።