ጥሩወርቅ ድምፅዋን አወጣች

ረቡዕ፣ ኅዳር 12፤ መካነ ኢየሱስ

ዛሬ ከክፍል ስወጣ እግሬ መሬት አልነካም!

ጥሩወርቅ አነበበች። ከመስከረም ጀምሮ “ተነሽና አንብቢ” ባልኳት ቁጥር ድምፅዋ የሚጠፋባት የሰባተኛ ክፍል ተማሪዬ። እኔ ሞኙ ደግሞ “አይዞሽ! አጨብጭቡላት!” እያልኩ አባባስኩባት።

እሑድ አባቷን መሪጌታን ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ አግኝቼ ነገርኳቸው። “እኔ ዘንድ ተማሪው ሁሉ የየራሱን ትምህርት ባንድ ላይ እየጮኸ ነው የሚያጠናው። ማን ይሰማኛል ብሎ ይፈራል?” አሉኝ።

ዛሬ ሞከርኩት። “ሁላችሁም ድምፅ አውጥታችሁ፣ ባንድ ላይ አንብቡ!” አልኩ። ክፍሉ የመሪጌታን ጉባኤ ቤት መሰለ። ርእሰ መምህሩ ልጆቹ የተጣሉ መስሏቸው እየሮጡ መጡ። ተማሪዎቹ እሳቸውን ሲያዩ አንድ በአንድ ዝም አሉ።

ጥሩወርቅ ግን አላየችም። ዐይኗን ከመጽሐፉ ሳትነቅል፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ ብቻዋን ታነባለች! ርእሰ መምህሩ ሊናገሩ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ። የሰው እጅ እንደዚያ ጨምቄ አላውቅም።

ገጹን ጨርሳ ቀና አለች። ሁሉም እሷን ያያል። ደነገጠች። አሁን አለቀልን አልኩ በልቤ።

“ልቀጥል፣ ቲቸር?” አለች።