እየበላሁ የከሳሁበት ሳምንት

ሰኞ

ጉርድ ቀሚሴ ወገቤ ላይ አልቆም ብሎኝ በመርፌ ቁልፍ ያዝኩት። ልብስ ሰፊ ሆኜ የራሴን ለማጥበብ ጊዜ አጣሁ፤ ከፋሲካ ወዲህ የሙሽራ ቀሚስ በላይ በላዩ ነው። ግን ደስ ብሎኛል። ሲግናል ያለው ሱቄ የገባ ሁሉ ምን ተጠቅሜ እንደከሳሁ ይጠይቀኛል። መብላት ነው፣ እላለሁ። አያምኑኝም።

ሐሳቡ የጎረቤቴ የዝናሽ ነው። ስንት ዓመት አብረን ቁርስ ዘለልን፣ እራት ተውን፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። አንድ ጂም የሚያሠራ ሰው ነው የነገራት፦ ሰውነታችን ረሃብ የመጣ መስሎት ስቡን ሙጭጭ አድርጎ ይዟል፣ ካሎሪ ስንጨምር ይለቀዋል። እንቁላል፣ አቮካዶ፣ ለውዝ፣ ገንፎ በቅቤ። እኔ እንደ ሻማ ቀለጥኩ።

ማክሰኞ

ጠዋት ከዝናሽ ጋር እንጦጦ ወጣን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እሷ በጃኬትና በሻርፕ ተጀቡና ትሄዳለች፣ እኔ ሹራቤን አውልቄ በላብ ተጠምቄያለሁ። ባሕር ዛፉ መሀል ስንደርስ ቆምኩ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ነው የሚመታው። ዝናሽ ስብ ሲቃጠል እንዲህ ያደርጋል አለችኝ። አመንኳት። ማመን ፈልጌ ነው መሰለኝ።

ቤት ገብቼ የኔን በላሁ፣ ልጆቹ ያስተረፉትንም በላሁ። አልጠገብኩም።

ረቡዕ

እጄ ይንቀጠቀጣል። አንድ እጅጌ ሦስቴ ፈትቼ ሰፋሁ። ፀጉሬ ማበጠሪያው ላይ እየቀረ ነው። ባሌ ታደሰ፣ አምሮብሻል ግን በትንሽ በትልቁ ትቆጪያለሽ አለኝ። ቆጣ ብዬ መለስኩለት።

ሚዛን ላይ ወጣሁ። አሁንም ወርዷል። ሌላ ጊዜ ቢሆን እጨፍር ነበር። ዛሬ ሚዛኑን በእግሬ አልጋ ስር ገፋሁት።

ሐሙስ

ዝናሽን ስንት እንደቀነሰች ጠየቅኳት። እስከ ዛሬ አለመጠየቄ ይገርማል።

«ምንም አልቀነስኩም። እንዲያውም ጨምሬያለሁ። ደስታሽን እንዳላበላሽብሽ ብዬ ነው።»

ያው ምግብ፣ ያው ዳገት። ታዲያ እኔን የሚያከሳኝ ምንድን ነው?

ቀና ስል አንገቴን አየችው። ምራቄን እንድውጥ ነገረችኝ። ስውጥ ጉሮሮዬ ላይ የሆነ ነገር ከፍ ብሎ ወረደ፤ ጣቴን ይዛ አስዳሰሰችኝ። ትንሽ እብጠት።

ዓርብ

መገናኛ ክሊኒክ ሄድኩ። ዶክተሯ ወጣት ናት። እጄን ይዛ የልቤን ምት ስትቆጥር ፊቷ ተለወጠ፤ ሮጬ መጥቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ቁጭ ብዬ ተራ ስጠብቅ ነው የቆየሁት።

የካሎሪውን ነገር ሁሉ ነገርኳት። አልሳቀችም።

«ምግብ መጨመር በራሱ አያከሳም። አብዝተው እየበሉ ከከሱ፣ ሌላ ምክንያት አለ ማለት ነው።»

ደም ሰጠሁ። ዳገት እንዳልወጣ ተነገረኝ። ቀኑን ሙሉ ክፉ ክፉውን ሳስብ ዋልኩ፤ ስኳር፣ ደግሞ ስሙን መጻፍ የማልፈልገው በሽታ።

ቅዳሜ

ለውጤቱ ታደሰ አብሮኝ ሄደ። እንቅርት ነው። የአንገቴ ዕጢ ከመጠን ያለፈ ሆርሞን እያመነጨ ሰውነቴን ሲያነደው ነበር። መድኃኒት ታዘዘልኝ፣ ልቤን የሚያረጋጋም ጭምር። ዶክተሯ ቢዘገዩ ልብዎን ይጎዳው ነበር አላለችኝም፤ ለታደሰ ስትነግረው ግን ሰማሁ። እብጠቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ገና አልታወቀም፤ ማክሰኞ በአልትራሳውንድ ይታያል። ኪሎዎ ይመለሳል ብላ አጽናናችኝ። ይመለስ።

ታክሲ ውስጥ ታደሰ የእጄን አንጓ እንደ ዶክተሯ ይዞ፣ አውራ ጣቱን ደም ስሬ ላይ አድርጎ መቁጠር ጀመረ። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ልንወርድ ስንል፣

«አሁን ምቱ ዝግ ያለ መሰለኝ» አለ።

አዎ አልኩት። መድኃኒቱ ግን ገና ሳይነካ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።